ሁሉም ሃያ የሚተነፍስበት ክፍል

በሴቶች መኝታ ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት አልጋ አለ፤ አሥራ ስምንቱም ላይ የተኛችው ሴት በደቂቃ ሃያ ጊዜ ትተነፍሳለች። ሳል ሲያጣድፋት ያደረችውም ሃያ፣ ድና መውጫ ወረቀቷን የምትጠብቀውም ሃያ። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ የነበሩት አሮጊትማ ነፍሳቸው ከወጣች በኋላ እንኳ አንድ ሰዓት ያህል ሃያ ሲተነፍሱ ቆይተዋል። በወረቀት ላይ ነው እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙቀት መለኪያው ይጮሃል፣ የደም ግፊቱ ማሽን ቁጥር ያወጣል፣ የልብ ምትን ደግሞ ጣት የሚነክሰው እቃ ይናገራል። ትንፋሽ የሚቆጥር ማሽን ግን በክፍሉ የለም። ሰው ቆሞ፣ ደረት ደረቱን እያየ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር አለበት። አሥራ ስምንት አልጋ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው፤ አሥራ ስምንት ትርፍ ደቂቃ ያለው ሰው ደግሞ እዚያ ክፍል ተቀጥሮ አያውቅም። ስለዚህ ሃያ። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ ከነባር ወደ አዲስ እንደ ውርስ ይተላለፋል።

ቴፕ ይህን የተማረችው ልምምድ በጀመረችበት ሳምንት ነው። ቴፕ የሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት፤ ስሙን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፣ የተቀዳባትን ሁሉ አንድ ቃል ሳታጎድል መልሳ ስለምታሰማ። በሽታ የሰውነትን ሥራ እንዴት እንደሚያውክ የሚያስተምረው መምህር፣ "የስኳር በሽታ ምልክቶች ስድስት ናቸው፤ ጻፉ" ሲል፣ እሷ እስክሪብቶ ሳታነሳ ስድስቱንም ይዛለች። በፈተናውም ከስድስት ስድስት። እነዚህ ስድስት ነገሮች ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቃት የለም። ቢጠይቃትም "አልተሰጠንም" ትል ነበር።

ጠባይዋ ግን የማሽን አይደለም። ቱግ ማለት ይቀናታል።

ያን ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ጋውኗን እየቆለፈች ስትገባ፣ ሰባት ቁጥር ላይ የተኛችው አክስቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትተነፍሳለች። ሦስት ፎቅ በሩጫ የወጣ ሰው እንደሚተነፍሰው ነው፤ ከሆዷ እየሳበች፣ ያለ እረፍት። የሮጠችበት ቦታ ግን የለም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልጋ የወረደችው ለሽንት ብቻ ነው።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቴፕን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስፌት መኪናው ሥር ያሳደገቻት እሷ ናት። ሆዴን ቆረጠኝ፣ አስመለሰኝ ብላ ትናንት መጣች፤ "ጨጓራ ነው" ተብላ ተኛች።

"ምነው እትዬ፣ ምን ሆነሻል?"

"ምን... እሆናለሁ። ውሃ... አቀብዪኝ።" በቃልና በቃል መሃል ትንፋሽ እየገባባት ነው። "ቱቦ ሆኛለሁ... እኮ። በላይ ይገባል... በታች ይወጣል። መንገድ ላይ... የሚቀር የለም።"

"ደክሞሻል?"

"እኔማ... ተኝቻለሁ። ደረቴ ነው... የሚሮጠው። እኔን... ጥሎኝ።"

ቴፕ ጎንበስ ስትል ከአክስቷ አፍ አንድ ሽታ መጣባት። ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይመስላል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይመስላል። ሰዓቷን አውጥታ መቁጠር ጀመረች፤ ሙሉ ደቂቃ። ሠላሳ ስድስት። ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ቻርት አነሳችና ላዩ ላይ ያለውን ገጽ አየች። ከሰዓት፣ ሃያ። ማታ፣ ሃያ። ንጋት ላይ፣ ሃያ።

ደሟ ፈላ።

"ሲስተር! ሰባት ቁጥርን ሃያ ብሎ የጻፈው ማነው?"

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሠላሳ ዓመት በዚያች ጠረጴዛ ጀርባ የቆዩ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን አያችሁ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ከመነጽራቸው በቀር የሚጠፋባቸው ነገር ግን የለም።

"መጀመሪያ እንዴት አደሩ ይባላል።"

"እንዴት አደሩ። ማነው የጻፈው?"

"ስንት ሆኖ ነው?"

"ሠላሳ ስድስት!"

"ጨንቋት ይሆናል። ጨጓራ ያስጨንቃል።"

"ጨጓራ ሠላሳ ስድስት አያስተነፍስም!"

"አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። በሽተኛ አለ እዚህ።"

"በሽተኛዋ አክስቴ ናት! ሬሳ እንኳ ሃያ የሚተነፍስበት ክፍል! የጻፈው እጅ ይቆረጥ!"

አሥራ ሰባቱ አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ሲስተር የዶክተሩን ስልክ ደወሉ፤ አልተነሳም፤ ደግመው ደወሉ።

ቴፕ ወደ አክስቷ ተመልሳ ማዳመጫዋን ደረቷ ላይ አደረገች። ቀኝም ግራም ጥርት ያለ ነው። ትኩሳት የለም። ሳል የለም። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ቴፕ ተከፈተ፦ "የትንፋሽ መፍጠን መንስኤዎች አሥራ አንድ ናቸው። አንደኛ፣ አስም። ሁለተኛ፣ የሳንባ ምች። ሦስተኛ..." ሳንባው ጤነኛ ነው፣ ታዲያ ምን ያስሮጠዋል? ዝርዝሩ አይመልስም። መምህሩን ረገመችው። አንገቱን ይዛ ይህን ደረት አሳይታው "ስንተኛው ነው ይሄ?" ብትለው ደስ ባላት።

ድንገት የአክስቷ ሱቅ ትዝ አላት። ዓምና የበሩ ቁልፍ ተበላሽቶ ለአክስቷ የሚሠሩት ሁለት ሰፊዎች ውስጥ ተቆልፎባቸው ዋሉ። ጨርቁ መጥቶ ደጅ ላይ ተቆልሏል፤ እነሱ ግን የሚሰፉት አጡ። ሥራው ደግሞ ለማታ ተቀጥሯል። ምን ያድርጉ? መጋረጃውን አውርደው ቀደዱት። የአሮጌው መጋረጃ ብናኝ ቤቱን ሲሞላውና ሊያፍናቸው ሲል፣ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። አክስቷ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማችው የማራገቢያውን ጩኸት ነው። "ማራገቢያዬን አበላሻችሁት!" አለች። ማራገቢያው ግን አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው በሩ ነው።

ቴፕ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ስኳሩ ደሟ ውስጥ ተቆልሏል፤ በሩን የሚከፍተው ኢንሱሊን የለም። ሕዋሳቱ ደጃቸው ላይ ምግብ ተከምሮ ይራባሉ፤ ሲርባቸው ስቡን ይቀድዳሉ፤ ከተቀደደው ስብ አሲድ ይወጣል፤ ሽታውም ከዚያው ነው። ሳንባው ያንን አሲድ ልጣል ብሎ ይሮጣል። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃውን አስከትሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥማቱ። ስድስት ምልክት ብሎ ነገር የለም። አንድ ነገር ነው፣ ስድስት ጊዜ የሚጮህ። ሳንባዋ አልታመመም፤ የሌላውን ጥፋት ብቻውን እየጠረገ ነው። የደከመው ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ያከትማል።

ትናንት የታዘዘላት ወረቀት ላይ "የደም ስኳር ይለካ" ይላል። በክፍሉ የመለኪያው ወረቀት አልቆ ነበር፤ "ይለካ" እንደተባለ አደረ። ቴፕ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ከድንገተኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ መለኪያውን ሳትጠይቅ አነሳች። "ሌባ!" ሲሏት "አዎ!" ብላ ሮጠች።

አንዲት ጠብታ ደም። መለኪያው ትንሽ አሰበና ቁጥር መስጠት አቃተው፤ "ከልክ በላይ" የሚል ምልክት ብቻ አሳየ።

ዶክተሩ ፀጉሩን ሳያበጥር መጣ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጨጓራ አላነሳም። በሁለቱም ክንዷ ፈሳሽ ተተከለ፣ ደም ለላቦራቶሪ ተቀዳ፣ ኢንሱሊን ታዘዘ።

"ትንፋሿ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?" አለ ዶክተሩ እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ። "ትናንት ስትገባ ስንት ነበር? ምን ያህል እንደቆየባት ማወቅ አለብኝ።"

"ሃያ ነው የሚለው። ውሸት ነው ዶክተር! የጻፈው ሰው እዚህ ይጠራና—"

"ተጠርቷል" አሉ ሲስተር። የላይኛውን ገጽ ገልጠው፣ ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ገጽ አፍንጫዋ ሥር አደረጉላት። "መጥቶም ቆሟል።"

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሙቀት፣ ግፊት፣ ልብ ምት። ትንፋሽ፣ ሃያ። ጎኑ ላይ ጅራቷ እንደ አይጥ ጅራት የረዘመ ፊርማ። ያቺን ጅራት ቴፕ ስንት ደብተር ሽፋን ላይ እንደተለማመደቻት ራሷ ታውቃለች።

ሁሉም ነገር ተመለሰላት። ለአክስቷ ብላ ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለክታለች፣ ትራሷን ደልድላለች፣ ግንባሯን ስማለች። ሃያዋን ግን ቻርቶቹን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ክፍሉ ውስጥ ሳትገባ፣ ለአሥራ ስምንቱም በአንድ ትንፋሽ ጽፋ ጨርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት እጆች የሷን ሃያ እያዩ ሃያ አሉ።

ጆሮዋ ጋለ። ሲስተርን ለመስደብ አፏን ከፈተች፤ የሚሰደብ ሰው አጣች። ሁሉም ያያታል። የማታያት አክስቷ ብቻ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና ትሮጣለች።

"ስንት ነበር?" አለ ዶክተሩ ደግሞ።

"አላውቅም።" ቴፕ ይህን ቃል አፏ ለምዶት አያውቅም። "አልቆጠርኩም። ትናንት ስንት እንደነበር ማንም አያውቅም።"

ዶክተሩ ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ አያት። "እንግዲያው ከትናንት ጀምሮ ነው ብለን እንነሳ" አለና ወደ ፈሳሹ ዞረ።

ቴፕ እስክሪብቶ አወጣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አሉ ሲስተር። "ቻርት አይፋቅም።"

"አልፍቅም።"

ሃያዋ እንደምትነበብ አድርጋ አንድ መስመር ሰረዘችባት። ጎኗ ላይ "አልተቆጠረም" ብላ ጽፋ ፈረመች፤ ጅራቱን ግን አልሳበችውም።

"ሌሎቹ የጻፉትስ?" አሉ ሲስተር።

"የራሳቸውን ይሰርዙ!" አለች ቴፕ፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ያን ቀን ከአልጋው አልራቀችም። በየሩብ ሰዓቱ፣ ሙሉ ደቂቃ። ሠላሳ አራት። ሠላሳ። ወደ ማታ ሃያ ስድስት። በማግስቱ አክስቷ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጥ መናገር ጀመረች፤ ይህ ለክፍሉ ሰላም መልካም ዜና አልነበረም።

"አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው።"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ፣ ወገቡን በዓይኔ የማውቀው ደንበኛ እንኳ ሲመጣ ሜትር ሳልይዝ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። እናንተ ለአሥራ ስምንት ሴት አንድ ልክ ቀሚስ ትሰፋላችሁ?"

ቴፕ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበችላት።

"እጁ ይቆረጥ ብለሽ ስትራገሚም ሰምቻለሁ። ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አልጨፈንኩም።" አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እጅሽን ተይው። ትቆጥሪበታለሽ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቴፕ ሰዓቷን ይዛ ቆመች። አክስቷ በእርጋታ ትተነፍሳለች። ቴፕ ቆጠረች። ፊቷ ጠቆረ። ደግማ ቆጠረች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆጥር አሥራ ዘጠኝ እንዲሆን፣ ካልሆነም ሃያ አንድ እንዲሆን ለመነች።

ሃያ ነው።

ቻርቱን አነሳች። እስክሪብቶዋን ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ።

"ምነው?" አለች አክስቷ። "መጥፎ ነው እንዴ?"

"ጥሩ ነው!" ብላ ጮኸችባት።