ለእማማ ጉያቱ የሚሆን ማይክሮፎን

እማማ ጉያቱ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አሉን።

ዓብዱሰመድ ሳቀ። «አንቱ ነዎት እንጂ እማማ። ሌላ ማን ገብቶ ዘፈነ?»

«እኔ እንዲህ አልጮኽም። ይህቺ የድስት ክዳን ነው የምታፋጨው።»

የሚቀልዱ መስሎን ነበር። ልጃቸው ቡርቱካን ግን አልሳቀችም። እናቷን ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች፤ ለምን እንዳመጣቻቸውም አስቀድማ ነግራናለች። እማማ ጉያቱ አንገታቸው ላይ እንቅርት አለ። ሐዋሳ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠሩት ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ሲሆን፣ ሐኪሙ ድምፅን የሚያዘው ነርቭ በእንቅርቱ ሥር ስለሚያልፍ ድምፃቸው ሊለወጥ እንደሚችል አስረድቷል። እሳቸው ከቦረናው አሬሮ በኩል ተድረው የመጡ ናቸው፤ እዚህ ነገሌ ውስጥ እሳቸው ያልዘፈኑበት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ከዚያም በላይ፣ አባታቸው ከብት ለማጠጣት ከኤላ፣ ከጥልቁ የቦረና የውሃ ጉድጓድ፣ ውሃ ሲያወጡ ይዘፍኑት የነበረውን፣ እሳቸው ልጅ ሆነው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው የያዙትን ዘፈን አሁን በሙሉ የሚያውቀው ሰው የለም። ቡርቱካን የፈለገችው ድምፃቸው ሳይነካ በፊት ያ ዘፈን እንዲቀዳ ነው። እማማ ጉያቱ ደግሞ የማያውቋትን ሴትዮ ለልጅ ልጆቻቸው ትተው ማለፍ አልፈለጉም።

«ልክ እኔን ስትመስል ጥሩኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ስቱዲዮው ከዓብዱሰመድ የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ቤቱና ዕቃው የሱ፣ ሥራው የእኔ ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንና በብርድ ልብስ ሸፍነነዋል፤ ሆኖም በቀኛችን የእህል ወፍጮ፣ በግራችን ብየዳ ቤት አለ። ማይክሮፎናችን ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ትልቅ ማይክ ነው። ሁሉንም ይሰማል። የወፍጮውን ቀበቶ ይሰማል፣ የዘፋኙን ምራቅ ይሰማል፣ ሹል ድምፅ ሲያገኝ ደግሞ ይበልጥ ይስለዋል። እማማ ጉያቱን የድስት ክዳን ያደረጋቸው እሱ ነው።

ሪበን የሚባለውን የማይክሮፎን ዓይነት በኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ስማር በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። ውስጡ በሁለት ማግኔቶች መካከል የተንጠለጠለ፣ ከሲጋራ ወረቀት የቀጠነ የአሉሚኒየም ጥብጣብ አለ። ድምፅ ሲነካው ይርገበገባል፤ መርገብገቡ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ሹሉን ድምፅ አያጋንንም። ከፊትና ከኋላው ይሰማል፣ በግራና በቀኙ ግን ደንቆሮ ነው። ወፍጮና ብየዳ ግራና ቀኙን ለያዙት ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ጠላቶቹ ሦስት ናቸው። ያለ ቦታው የገባ ኤሌክትሪክ ያቃጥለዋል፣ አጋድመው ሲያስቀምጡት ጥብጣቡ ይረግባል፣ ከቅርብ የተነፈሰበት ትንፋሽ ደግሞ ይበጥሰዋል።

ይህን ሁሉ ለዓብዱሰመድ አስረዳሁት። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ትንፋሽ የሚፈራ ማይክ ምን ያደርጋል?» አለኝ። «ሰው በምን ሊዘፍን ነው?»

ከራቀ ችግር የለውም፣ ከፊቱም መከለያ ይደረጋል ብል፣ ለኪራይ ከሚያወጣቸው የሰርግ ማይኮች አንዱን አንስቶ ፍፍፍ አደረገበት። «አየህ? እንዲህ ነው የሚፈተሸው።» በእኛ ከተማ ማይክሮፎን የሚፈተሸው በሙሉ እንዲህ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበርም፣ የሰርግ አጋፋሪም፣ ልመና ይዞ የቆመም መጀመሪያ ሳይነፋ አይናገርም።

ዓብዱሰመድን ግን አልፈርድበትም። ወጣቶቹ ወደ እኛ የሚመጡት ግማሹ ለዘፈን፣ ግማሹ ከወርቃማው ማይክ ጋር ፎቶ ለመነሳት ነው። ሪበኑ ባሳየሁት ፎቶ ላይ የሱቅ መብራት ይመስል ነበር። መሠረታዊ ጥያቄው ለአንዲት አሮጊት ሲባል ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን የሚል ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ከአራት ቀን ክርክር በኋላ የመለስኩለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናትህ ቢሆኑስ?» አልኩት። ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ማታ ሱቁን ሲዘጋ፣ «እሺ፣ ግን አንተው ራስህ ትመርጣለህ፣ ከተበላሸም ተጠያቂው አንተ ነህ» አለኝ።

መምረጡ ግን ቀላል አልነበረም። ኢንተርኔቱ እንደምንም ሲከፈት የማገኘው ምክር ሁሉ ስለ ትራምፔትና ስለ ጊታር ነው። ስለ አንዲት የስድሳ ዓመት የቦረና ሴት የጻፈ አንድም ሰው የለም። አዲስ አበባ ፍቅረማርያም የሚባል የድምፅ ዕቃ ነጋዴ ሁለት ሪበኖች እንዳሉት ሰማሁና ደወልኩለት። አንደኛው ማጉያ በውስጡ ያለው፣ ከሚክሰሩ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነው። ሁለተኛው ምንም የሌለው፣ ጥብጣቡና ማግኔቱ ብቻ የሆነ ነው። ፍቅረማርያም ደግ ሰው ስለሆነ ሁለቱን በየተራ በስልክ አሰማኝ። ማይክሮፎን በስልክ መምረጥ ሽቶ በፎቶ እንደ መምረጥ ነው። ሁለቱም ስልክ ይመስሉ ነበር።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱን አቁሞልኝ «ዝፈንባቸው» አለኝ። እማማ ጉያቱን ለመምሰል ድምፄን አቅጥኜ ለቀቅኩት። ኬብል ሊገዙ የመጡ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ፍቅረማርያም ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ የምትቀዳው ይህንን ከሆነ ይቅርብህ» አለኝ። ከሰዓት በኋላውን እንዲሁ ስጮህ ዋልኩ። ማጉያ ያለው ሪበን ጠንካራና ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ድምፄን ከፍ ሳደርግ ይጨናነቃል። ሌላው ድምፁ ደካማ ነው፤ ለሚያንሾካሹክ ዘፋኝ ሚክሰሩን ብዙ መክፈት ስለሚያስፈልግ ሹክሹክታው በሚክሰሩ ሽሽ የሚል ድምፅ ይዋጣል። እማማ ጉያቱ ግን ለሹክሹክታ አይደለም የዘፈኑት፤ ከጉድጓድ አፍ እስከ ጉድጓድ ወለል እንዲሰማ ነው። ደካማውን መረጥኩ። ትክክል መሆኔን ያን ዕለትም አውቅ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ።

እስከ ነገሌ በአውቶቡስ የማይኩን ሣጥን ጉልበቴ ላይ አቁሜ መጣሁ። ረዳቱ ከላይ ካልጫንኩ አለ፤ እንቢ አልኩ። ከሥር ይሁን አለ፤ እንቢ አልኩ። ለሣጥኑም ወንበር ይከፈላል ብሎ አስከፈለኝ። ከቦሬ ቁልቁለት እስከ ክብረ መንግሥት አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ፣ እንዲህ አቅፌ የያዝኩት ምን ይሆን ብለው ሲፈሩ ቆይተው በመጨረሻ የሟች ዘመድ ዕቃ እንደሆነ ወስነው አጽናኑኝ። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሣጥኑን አስከፍቶ ማይኩን አነሳው። ማይክሮፎን መሆኑን ስነግረው ወደ አፉ አስጠጋ። መዳፌን በመሐል አስገባሁ። የነፋው እጄ ላይ ነው። «ምን ሆነሃል?» አለኝ፤ በሽታ አለበት አልኩት። በፍጥነት መለሰልኝ።

ስደርስ ለሐዋሳው ቀጠሮ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ናፍጣው መጣና የማይኩ ገመድ ችግር ተገኘበት፤ ገመዱን ፈትቼ በየመጋጠሚያው ብየዳ ሳድስ ዋልኩ። ዓብዱሰመድ ሚክሰሩ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ የሚለቅ ቁልፍ በፕላስተር አሸገው፤ ሱቁን የሚረግጡትን ሁሉ ወደ ማይኩ እንዳይቀርቡ ይከለክል ጀመር። እንደኔ ሆኖ ነበር። የሴት ስቶኪንግ በሽቦ ክብ ላይ ወጥረን መከለያ ሠራን። ወፍጮው በጎን፣ ብየዳው በጎን እንዲሆን አቆምኩት። ያላሰብነው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት እማማ ጉያቱ ከቡርቱካን ጋር መጡ። «አካም ቡልተኒ» ብለው ገቡ፤ ናጋ፣ ሰላም ማለት ነው፣ ተባብለን ተቀመጥን። ስለ እሳቸው ብዬ አዲስ አበባ ድረስ መሄዴን ሰምተዋል። ማይኩን ዞረው አዩት። እኔ ከማይኩ ኋላ ቁጭ ብዬ የድምፁን ልክ ለማየት ቀረጻውን አስጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ከመዝፈን ይልቅ ተጠጉ፣ ስቶኪንጉን እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሩቅ ሄደህ ያመጣኸው ነው። ሳይመረቅ አይዘፈንበትም።»

ከዚያም በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። ያመጣው ልጅ ናጋ ይሁን። እኛም «ናጋ» አልን። ቤቱ ናጋ ይሁን። «ናጋ።» የሚገባው ናጋ፣ የሚወጣው ናጋ። «ናጋ።» የሚቆርጠው ሐኪም እጁ ናጋ ይሁን። ቡርቱካን ከሁላችንም ቀድማ «ናጋ» አለች። እንዲህ ያለ ምርቃት በምን እንደሚያበቃ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ የተመረቀው ነገር ላይ ትንሽ ምራቅ እንትፍ ይባልበታል። ዓብዱሰመድም ያውቃል። በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አስቁማቸው» አለኝ።

ጊዜ ነበረኝ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነበረኝ። «እማማ፣ አንድ ጊዜ» ብል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ነገ ለቢላ የሚሄዱ ሴት ለሐኪሙ እጅ ሲመርቁ፣ በመሐል ገብቶ ጥብጣቡ ይበጠሳል የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አሁን ይጨርሳሉ፣ አሁን ቀና ይላሉ እያልኩ «ናጋ» ማለቴን ቀጠልኩ።

«ቱፍ፣ ቱፍ» አሉበት፤ ከአንድ ጣት ርቀት ላይ።

ማዳመጫዬ ውስጥ አንድ ነገር ፍንዳታ የሚመስል ድምፅ አሰማና ዝም አለ። እሳቸው ቀና ብለው ፈገግ አሉ፣ ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ፣ መዝፈን ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልነበረም። ፊቴን እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ዓብዱሰመድ አይቶኝ በጓሮ በር ወጣ። ወዲያው ጄኔሬተሩ ተርገፍግፎ ቆመ፤ ክፍሉ ጨለመ።

ተመልሶ ገብቶ፣ «ይቅርታ እማማ፣ ይህ የእኛ ጄኔሬተር» አላቸው። ሲያጠፋው ጣቱ የተቀባውን ናፍጣ ሱሪው ላይ እየጠረገ ነበር።

ግማሽ ሰዓት ቆይተን አስነሳነው። አዲሱ ማይክ ኃይሉ ስለወረደ ይረፍ ብለናቸው ወርቃማውን አቆምን። አራቅኩት፣ ከፊቱ ፎጣ አንጠለጠልኩ፣ ቡርቱካን ትይዩ ቆማ እንድትቀበላቸው አደረግኩ። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ዘፈኑት። የወፍጮው ቀበቶ በሦስት ቦታ ገብቶበታል። ከመጀመሪያው ይሻላል። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ይህቺ የእኔ ታናሽ እህት ልትሆን ትችላለች» አሉ። ታናሽ እህት የላቸውም።

ከሐዋሳ በተመለሱ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሱቁ መጡ። እንቅርቱ የለም፤ አንገታቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ አለ። ሲናገሩ ጆሮ ማቅረብ ያስፈልግ ነበር። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏቸዋል። ዘፈኑን በፍላሽ ልሰጣቸው አዘጋጅቼ ነበርና እየፈለግኩ ሳለ ተሳስቼ የዚያን ጠዋት የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩት። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ያመጣው ልጅ ናጋ ይሁን። የጉሮሯቸው ስፋት፣ በቃላቱ መሐል ያለው ትንፋሽ፣ ምንም ሳይሳል፣ ምንም ሳይጨመር እዚያ ነበር። ከኋላ የእኔ ድምፅ «ናጋ፣ ናጋ» እያለ ይመልሳል። ከዚያም ቱፍ፣ ቱፍ፤ ከዚያም ምንም።

እማማ ጉያቱ እጃቸውን ጠባሳው ላይ አድርገው ቆሙ።

«ይህቺ እኔ ነኝ» አሉ፣ በዚያ በተረፈው ድምፅ። «የቀረው የታለ? ዘፈኑን ለምን በዚህ አላደረግከውም?»

ዓብዱሰመድ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ አየኝ። ሪበኑ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ባይሠራም እስካሁን አጋድሜው አላውቅም።

«ጄኔሬተሩ ጠፋ እማማ» አልኩ።

ራሳቸውን በቁጭት ነቀነቁ። «አዬ ልጄ፣ ያን ቀን መመረቅ የነበረብኝ ጄኔሬተሩን ነበር» አሉና እንደገና እንድከፍትላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ።

ከፈትኩላቸው።