አዝማሪው ሰማዕት

የዚሲስ ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስቱና እህቱ ተጣሉ። ለተዝካሩ በሚቀቀለው የስንዴ ንፍሮ አይደለም። ስንዴው ላይ ስኳሩ እንዴት እንደሚነሰነስ፣ ለውዙ በመስቀል ቅርጽ ይደርደር ወይስ በስሙ ፊደል በሚለው ከተጨቃጨቁ ቆይተዋል፤ በዚያ ታርቀዋል። የተጣሉት በክላርኔት ነው።

ዚሲስ በኤፒሮስ ተራሮች መካከል ስሙ የታወቀ ክላርኔት ነፊ ነበር። በነሱ አገር ክላርኔት ሰርግ ብቻ አያደምቅም፤ ሙሾም ያወርዳል። ታሞ በተኛበት ሰሞን ሚስቱን ቻይዶን ጠርቶ፣ "በሙት ዓመቴ ያ የሙያ ጓደኛዬ ላምብሮስ ይምጣና መቃብሬ ላይ ይንፋልኝ። ያለዚያ ንፍሮውን ለዶሮ በትኑት" አላት። ቻይዶ ቃሉን ልትፈጽም ቆርጣለች። ታላቅ እህቱ ፖሊክሴኒ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ስታራግፍና መቅረዝ ስትወለውል የኖረች ሴት ናት።

"አዝማሪ በተዝካር? መስቀል በቆመበት? አገር ምን ይላል?"

"ቄሱ እናንተ ከተስማማችሁ እኔ ምን ቸገረኝ ብለዋል እኮ፣ እታለም።"

"እሳቸውማ ምን ይቸግራቸዋል! የሚነሳው የኔ ስም አይደል።"

ዚሲስ በሕይወቱ ሳለ ለዚህ ዓይነቱ ነቀፋ አንድ መልስ ነበረው። በጎረምሳነቱ፣ ተሰሎንቄን የመሬት መንቀጥቀጥ ከመታት በኋላ፣ ሮቶንዳ በሚባለው ክብ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መወጣጫ ከሚያቆሙ ሠራተኞች ጋር ተቀጥሮ ሠርቷል። "ጉልላቱ ሥር በባለቀለም ጠጠር ከተሳሉት ሰማዕታት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ" ይል ነበር። "ከመካከላቸው ወታደር አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቄስ አለ፤ አንዱ ደግሞ እንደኔው ነው፣ ዋሽንት ነፊ!" ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅበታል። ምክንያቱም ዚሲስ የማይለው ነገር አልነበረም። አንድ ድብ ክላርኔቱን ሰምቶ ዛፍ ተደግፎ ሲያለቅስ አይቻለሁ ያለም እሱ ነው።

"እንግዲያው ሄደን እንይ" አለች ፖሊክሴኒ በመጨረሻ። "አዝማሪ ሰማዕት ካለ ላምብሮስ መጥቶ ይንፋ፤ ከረባቱን እኔው አስርለታለሁ። ከሌለ ግን ይህ ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳ፣ ሙሽሪት።"

ቻይዶ ስድሳዎቹን አጋምሳለች፤ ያም ሆኖ ወንድም ያገባት ሴት በነሱ መንደር እስክትሞት ሙሽሪት ናት። እሺ አለች። ዚሲስ ራሱ፣ "አንድ ቀን ሁለት ቀን ተሰሎንቄ ወስጄ አዝናናሻለሁ" ሲላት ኖሮ ነው የሞተው። አሁን እህቱ ልትወስዳት ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈሩ። ፖሊክሴኒ የሆቴል አንሶላ ስለማታምን የራሷን አንሶላ ይዛለች፣ አይብ የተሞላ ቂጣዋን ይዛለች፣ አንገቷ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር አንጠልጥላለች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች ቻይዶ።

"የባሌ የአደን መነጽር ነዋ። ከርከሮ ያሳየ፣ ሰማዕት አያሳይም?"

የማየቱን ሥራ መሥራት ያለባት እሷ ነበረች። የቻይዶን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቷታል፤ እስከዚያ ግን ከክንድ የራቀ ነገር ሁሉ ለሷ ጉም ነው።

ተሰሎንቄ እንደደረሱ ፖሊክሴኒ፣ "መጀመሪያ የከተማውን ባለቤት እንሳለም" ብላ ወደ ቅዱስ ድሜጥሮስ ጎተተቻት። ሻማ አበሩ። ምድር ቤት ወርደው ቅዱሱ ታስሮ ነበር የሚባልበትን ቦታ ተሳለሙ። ፖሊክሴኒ ለከብቱም ለልጅ ልጁም ለጉልበቷም የለመነችውን ለምና ስትጨርስ፣ መንገድ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት የቀለበት ዳቦ እየገመጡ ወደ ሮቶንዳ ሄዱ።

ከበሩ አጠገብ ቱርኮች ቤተ ክርስቲያኑን መስጊድ ባደረጉት ጊዜ የተከሉት ሚናሬት እስከዛሬ ቆሟል። ፖሊክሴኒ ቀና ብላ አየችውና፣ "ተዉት። ድንጋይ ምን አጠፋ" አለች። ለማን እንዳለችው አይታወቅም። ከዚያ ትኬት ቆራጩ ዘንድ ቀረበች።

"ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ሙዚየም?"

"ሁለቱም ነው፣ እናቴ።"

"እና እንሳለም ወይስ እንክፈል?"

"ሁለቱንም።"

ውስጡ ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ጠባቂ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። ቻይዶ የፖሊክሴኒን ክርን ይዛ መሐል ቆመች። ባሏን በሰው ፊት ስትከላከል የኖረችው እሱ ሁልጊዜ እውነት ስለሚናገር አልነበረም፤ ሲያወራ ደስ ስለሚላት ነው። ይህን አንድ ወሬ ግን ሲያወራ አይስቅም ነበር።

ፖሊክሴኒ መነጽሯን ወደ ላይ አነጣጠረች።

"ምን ይታይሻል?"

"ወርቅ። ወርቅ ብቻ። ቆይ... ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንጻ፣ ዓምድ፣ መጋረጃ። ጣዎስ። ከፊቱ ሰዎች ቆመዋል። ካባ ለብሰዋል፣ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ይጸልያሉ።"

"ዋሽንት የያዘ አለ?"

"ማንም ምንም አልያዘም። እጃቸው ባዶ ነው።"

ቻይዶ ክርኗን ሳብ አደረገች። "ጽሑፉስ? ስማቸውና ሥራቸው አጠገባቸው ተጽፏል ይል ነበር።"

ፖሊክሴኒ የቤተ ክርስቲያን ፊደል ለመቁጠር አንደኛ ናት። ዙሪያውን ቀስ እያለች ዞረች፤ ቻይዶም ክርኗን እንደያዘች አብራት ዞረች። "ይሄ ወታደር ነው... ይሄ ሐኪም... ከጎኑ ያለውም ሐኪም... ይሄ ወታደር..." ከዚያ ድንገት ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ክርኗ በቻይዶ እጅ ውስጥ ደነደነ።

"ከወታደሩ አጠገብ ያለውስ?"

"ረግፏል" አለች ፖሊክሴኒ መነጽሩን አውርዳ። "ፊደሉ ረግፏል። አይነበብም።"

ቻይዶ መነጽሩን ተቀበለቻትና ወደ ላይ አየች። የቀለጠ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ብርሃን እንጂ ሌላ ምንም አልታያትም። ጠባቂው ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል፤ ልጄ እስቲ አንብብልን ብትለው እምቢ አይልም። አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። ልጁ ካነበበው የባሏን እህት በባዕድ ፊት ውሸታም ማድረጓ ነው። ካላነበበው ደግሞ ባሏን። ሁለቱም ቤተሰቦቿ ናቸው። መነጽሩን መለሰችላትና፣ "እንሂድ፣ እታለም፤ አንገትሽን ያምሻል" አለች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊክሴኒ ሌላ ሰው ሆነች። የቻይዶን ቦርሳ ተሸከመችላት። ከገበያ ሰማያዊ ሻርፕ ገዝታ አንገቷ ላይ ጠመጠመችላት። ጥቁር ለለበሰች ሴት ሰማያዊ ሻርፕ! አሮጌው የቱርኮች የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ደግሞ ደረጃ በደረጃ፣ "እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ የኔ እናት" እያለች መራቻት። ቻይዶ በጋብቻ ዘመኗ ሁሉ ከዚህች ሴት "የኔ እናት" ሰምታ አታውቅም። የሆነ ነገር እንዳለ ያኔ ገባት።

ፖሊክሴኒ በጉልላቱ ቀዳዳዎች የሚወርደውን ብርሃን እያየች፣ "ይህን ሁሉ ክፍል ለማሞቅ እንጨቱን ማን ይፈልጥ ነበር?" አለች።

"የባል እህት ያላት ሴት ትሆናለቻ" አለች ቻይዶ።

ፖሊክሴኒ ሳቀች። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህች ቃል ሦስት ቃል ትመልስላት ነበር። ማታ ሆቴል ገብተው አንሶላቸውን አንጥፈው ሲተኙም፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን የተሻለውን አልጋ ለቻይዶ ለቀቀችላት። ቻይዶ አመስግና ተኛች፤ አጠገቧ ያለው አልጋ ግን ሲንቋቋ ነው ያደረው።

እሑድ እዚያው ተሰሎንቄ ባለችው አያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ከቄሱ እጅ የተባረከውን ዳቦ ለመቀበል ተሰለፈ። ፖሊክሴኒ በመንደሯ ይህን ዳቦ ስትቀበል ለራሷ፣ ቤት ለቀሩት ልጆቿ፣ ለታመመ ጎረቤት እያለች መሐረብ ሙሉ ይዛ የምትወጣ ሴት ናት፤ ቄሱ እንኳ፣ "ፖሊክሴኒ፣ ለኔም አስቀሪልኝ" ይሏታል። ያን ቀን ግን ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀራት ከሰልፉ ወጣችና በሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

ቻይዶ ተቀብላ ወጣችና ከቁራሿ ከፍላ ሰጠቻት።

"ተይው። ጥርሴን አሞኛል።"

"ለዚህ ደግሞ ጥርስ ያስፈልጋል? ምራቅ ያሟሟዋል።"

"አልበላም አልኩሽ!"

ቻይዶ ዳቦውን በመሐረቧ ቋጠረች። ፖሊክሴኒ የተባረከ ዳቦ ወደ አፏ ማስገባት ካቃታት፣ ከዚያ አፍ የወጣ ነገር እየነቀነቃት ነው ማለት ነው። ልጠይቃት ብላ አሰበችና ተወችው። የበሰለ ፍሬ ራሱ ይወድቃል።

አውቶቡሳቸው ማምሻውን ስለነበር ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ አሮጌው የከተማ ቅጥር ወጡ። ቅጥሩ ሥር ካለች ሱቅ ወንበር ስበው ቡጋጻ አዘዙ። ክሬም የተሞላው ትኩስ የስስ ሊጥ ኬክ ስኳርና ቀረፋ ተነስንሶበት መጣ። ከታች ቀይ ጣሪያው፣ ጉልላቱ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ተዘርግቷል። ቻይዶ ባሕሩን ባታየውም ሽታው ደርሷታል፤ በሹካዋ እየቆረሰች በደስታ ትበላለች። ፖሊክሴኒ አልነካችውም። በጣቷ ስኳሩ ላይ መስቀል ሠራች፣ አጠፋችው፣ እንደገና ሠራች።

"አልረገፈም" አለች።

"ምኑ?"

"ምኑ ትያለሽ! ፊደሉ። አንድም ጠጠር አልጎደለውም። ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስል። ፊሊሞን ይላል። ዋሽንት ነፊ ይላል። የመጋቢት ወር ይላል።" እጇን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። "ያ ቀጣፊ ወንድሜ በዕድሜው አንድ ጊዜ እውነት ተናገረ፣ እሱንም ዋሸሁበት።"

ቻይዶ ሹካዋን አስቀመጠች። ሳቅም ልቅሶም ባንድ ላይ መጥተው አፏ ላይ ተጨናነቁ። "አውቃለሁ" አለች።

"ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?"

"ሻርፑን ከገዛሽልኝ ጀምሮ።"

"ታዲያ ምን ይዘጋሻል? አትናገሪኝም?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። ለምንድን ነው ግን፣ እታለም? ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው? የሰው አፍ ፈርተሽ በሰማዕት ላይ አትዋሺም አንቺ።"

ፖሊክሴኒ ፊቷን ወደ ቅጥሩ አዞረች።

"እኔ ለዚሲስ አላለቀስኩም" አለች። "በቀብሩ ወንበር ስደረድር፣ ድስት ስቆጥር፣ እንግዳ ሳሰናብት ዋልኩ። አይተሽኛል። ሰው ጠንካራ ናት አለ። ነገ አለቅሳለሁ፣ በአርባው አለቅሳለሁ ስል ዓመት ሞላው። ያ ክላርኔት አንድ ጊዜ ብቻ ኡኡ ካለ እኔ መቃብሩ ላይ ነው የምዘረገፈው። ማን ያነሳኛል? አንቺ እንደሆንሽ አታዪ፤ ትረግጪኛለሽ።"

"እረግጥሻለሁ እንጂ!" አለች ቻይዶ። "ስንት ዓመት የጠበቅኩት ዕድል ነው።"

ፖሊክሴኒ አፈጠጠችባት። ከዚያ ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን ናጣት፤ ቻይዶም ተከተለቻት፤ የስኳሩ ብናኝ በጥቁር ልብሳቸው ላይ ቦነነ። ሳቃቸው ሲበርድ ቻይዶ እጇን ጠረጴዛው ላይ እየዳበሰች የፖሊክሴኒን እጅ አገኘችው።

"እኔ አላይም፤ ግን አጠገብሽ እቆማለሁ። ከወደቅሽ አብሬሽ እወድቃለሁ። ላምብሮስ ያነሳናል።"

"ላምብሮስ! እሱ ራሱ ሰክሮ በሰው ነው የሚነሳ" አለች ፖሊክሴኒና ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ድምፁን ለቅቃ ከአገጯ ሥር ያዘችው።

"ፖሊክሴኒ?" አለ ላምብሮስ ከወዲያ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ስማኝ። ለወንድሜ ሙት ዓመት ትመጣለህ። ፍትሐቱ አልቆ ንፍሮው ከተባረከ በኋላ ትነፋለህ፣ በፊት አይደለም። ከረባት ታስራለህ። ሳትጠጣ ትመጣለህ።"

"ሳልጠጣ ጣቴ አይታዘዝም።"

"እንግዲያው አንዲት መለኪያ። ሁለተኛዋን እኔ ፊት አፈሳታለሁ።"

"እሺ፣ እሺ። ምን ልንፋ?"

ፖሊክሴኒ ስኳሩ ላይ የቀረውን መስቀል በጣቷ አበሰችውና፣ "እናታችን እሱን ስታስተኛው የምትለውን" አለች።

"እሱን አላውቀውም። እስቲ ዜማውን ስጪኝ።"

"አሁን? ሰው መሐል ነኝ።"

"ካልሰጠሽኝ ከየት ላምጣው?"

ፖሊክሴኒ ግራ ቀኝ አየች። ከጎናቸው ካርታ የዘረጉ እንግዶች አሉ፤ አንዲት ድመት ወንበር ሥር ተኝታለች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ማዜም ጀመረች። ቅዳሴ የለመደ ድምፅ ስለሆነ አልቀጠነም፤ እስከ ባሕሩ የሚሰማ ነበር። እንግዶቹ ካርታቸውን አጠፉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ፖሊክሴኒ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ ስልኩን እንደጨበጠች፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን እንደ ሕፃን እየጮኸች ለቀቀችው።

የሱቁ ልጅ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። "ምን ሆነው ነው?"

ቻይዶ የፖሊክሴኒን ጀርባ እያሻሸች፣ "ምንም አልሆኑም፣ ልጄ። ወንድማቸው ሞቶባቸው ነው" አለችው።

"ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ?"

"አምና።"

ልጁ ውሃውን አስቀምጦ እያየ ወደ ኋላ ሄደ። ከጠረጴዛው ላይ የላምብሮስ ድምፅ በዝግታ፣ ለስለስ ብሎ መጣ።

"ፖሊክሴኒ... የመጀመሪያውን ይዤዋለሁ። መመለሻው ነው የቀረኝ።"

ፖሊክሴኒ ቀና አለች። በአዲሱ የቻይዶ ሰማያዊ ሻርፕ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ "ዝም ብለህ ስማ እንግዲህ" ብላ ካቆመችበት ቀጠለች።