ያገባችው ቴምብር

እልፍነሽ ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቀኛል ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም። ሐኪሙ ግላኮማው የወሰደው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ በግልጽ ከነገረው በኋላ ኃይለመስቀል ቀናት ሙሉ ቡናም አልጠጣ፣ ሬዲዮም አልከፈተ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮዎቹን ጎትቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«እልፌ፣ እጅሽን ታጠቢና ነዪ።»

«ምን ልትሠራ ነው ጋሼ?»

«የጀርመን ቴምብሮቼን መልክ ማስያዝ እፈልጋለሁ። እኔ ዓይን የለኝም፤ አንቺ ዓይን ሁኚኝ።»

ሳቋ መጣ። በልጅነቷ ወደነዚህ ቆርቆሮዎች እጇን በሰደደች ቁጥር «አትንኪ! ጥርሱን ትሰብሪዋለሽ!» እየተባለች ስትባረር ነው ያደገችው። ጥርስ የሚለው የቴምብሩን ዳር ዳር ነው። አሁን እሷም ሽበት ወሯታል። በአዋላጅ ነርስነት ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ወዳለው የወላጆቻቸው ቤት ተመልሳ፣ ሳያገባ የቀረውን የወንድሟን ምግብና መድኃኒት የምትከታተለው እሷ ናት። ኃይለመስቀል ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ጡረታ ወጥቶም ማዘዝ አልተወም።

«በወረንጦ ያዢ እንጂ በጣት አይነካም። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ የመሰለሽን አትጨምሪ» አላት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ አታከታት። ጀርመን አንድ አገር መስሏት ነበር፤ ቴምብሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ፊደሉ እንደ እሾህ የቆመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያለው ለሁለት ይከፈላል፦ የምሥራቁና የምዕራቡ። ምዕራብ በርሊን ደግሞ ለብቻዋ ቴምብር ነበራት።

«ይኸውልሽ፣ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው» አለ ኃይለመስቀል፣ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰ። «የምዕራቡና የበርሊኑ መልካቸው አንድ ነው። ያው ሰው፣ ያው ቀለም። ልዩነታቸው አንዲት ቃል ናት። በአጉሊ መነጽሩ ፈልጊ፤ በርሊን የሚል አለው?»

«አለው።»

«ወደ ግራ። ቀጣዩስ?»

«ሽማግሌ ነው፤ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ። በርሊን የሚል የለውም። ማኅተሙ ሃምቡርግ ይላል።»

ኃይለመስቀል እጁን ዘርግቶ ተቀበላትና ቴምብሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠው። «ሃምቡርግማ የጀይላን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

እልፍነሽ ጀይላንን ታስታውሰዋለች፤ ግን እንደ ጭላንጭል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚስቅ ልጅ። አባቱ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ የታወቁ የቡና ነጋዴ ነበሩ፤ የሐረርን ቡና ከሚገዙ የሃምቡርግ ሰዎች ደብዳቤ ይመጣላቸዋል። እሳቸው ደብዳቤውን አንብበው ፖስታውን ወደ ልጃቸው ይወረውሩታል። ኃይለመስቀል ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደብተሩን እንደያዘ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በሸዋ በር ገብቶ፣ በገበያተኛው መሐል ተሹለክልኮ እነ ጀይላን ቤት ይደርሳል። በቀይ አፈር የተቀባው ነደባ ላይ፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ቤተሰቡና እንግዳው በሚቀመጥበት ማለት ነው፣ ጎን ለጎን ተኝተው የፖስታውን ጥግ ቆርጠው ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፉታል። ሙጫው ለቆ ቴምብሩ ሲንሳፈፍ የሚሰማውን ደስታ ኃይለመስቀል እስከ ዛሬ ሲያወራው ፊቱ ይበራል።

ጀይላን በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ጅቡቲ ተሻገረ። ቤተሰቡ ተመለሰ፤ እሱ ግን በዚያው ታሞ አረፈ። ኃይለመስቀል ለቅሶ ደርሶ ከመጣ ወዲህ በዚያ ሰፈር ማለፍ አቃተው። መንገድ ሲያሳጥርለት እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው።

ሥራው እየተለመደ ሲሄድ እልፍነሽ ራሷ በጠዋት ተነሥታ ጠረጴዛውን ማሰናዳት ጀመረች። የታላላቅ ጀርመናውያን ፊት ያለበት ረድፍ ላይ ሲደርሱ ሙዚቀኛውንም፣ መነኩሴውንም፣ ሠዓሊውንም በየቦታቸው አስቀመጠች። የበርሊኑ ገጽ ሞላ። የምዕራቡ ገጽ ላይ ግን ከታች አንድ ቦታ ባዶ ቀረ።

«አንድ ጎደለ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ሴትዮዋ ናት። ሰማያዊ፣ ፀጉሯን በጆሮዋ ላይ የጠቀለለች። ከሃምቡርግ በትልቅ ፖስታ ነው የመጣችው፤ ዕጣ ስንጣጣል ለኔ ደረሰች። እስክትደርቅ ጀይላን ጋር ትቻት ሄድኩ። በማግስቱ ስጠይቀው ‹አግብታለች› አለኝ።»

«ማ?»

«ቴምብሯ ናታ! ‹አግብታለች፣ ቤቷን ይዛለች፣ አቦ ተዋት› ብሎ ይስቃል። ባስፈራራው፣ ብለምነው፣ ሌላ መልስ የለውም። በሌላ ለውጧት ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባም ፈልጌያለሁ፤ ልገዛት እችል ነበር። ግን ያ የሃምቡርግ ማኅተም የሌላት ምን ታደርግልኛለች?»

እልፍነሽ ወረንጦውን አስቀመጠች። «ዋፊቃን ለምን አንጠይቃትም? የጀይላን ዕቃ ካለ እሷ ጋ ነው።» ዋፊቃ የጀይላን ታናሽ እህት ናት፤ የአባቷ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። እልፍነሽ ገበያ ላይ ስታገኛት ይሳሳማሉ፤ ስለ ወንድሞቻቸው ግን አንሥተው አያውቁም።

ኃይለመስቀል «ዓይኔ ጭራሽ ሳይጠፋ ነዋ» አለና ኮቱን ጠየቀ።

በባጃጅ ጁገል ውስጥ እስካለው የፈረስ መጋላ አደባባይ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠባብ ነውና በእግር ወረዱ። ክንዱን ይዛው ነበር፤ ግንቡ ወደሚታጠፍበት ሲደርሱ ግን መሪው እሱ ሆነ። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ» አላት። እውነትም ድንጋይ ነበር።

ዋፊቃ በሩን ከፍታ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! ጋሽ ኃይሌ! እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ! እልፍነሽ፣ ምነው ሳትነግሪኝ!»

ነደባው ላይ አረፍ አሉ። ሻይ ቀረበ። እልፍነሽ የመጡበትን ስትነግራት ዋፊቃ ሳቋና ዕንባዋ ተቀላቀለ። ተነሥታ ግድግዳው ውስጥ ከተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች ወደ አንዱ ሄደች፤ የተደረደሩትን ሳህኖች አነሣችና በስልኳ መብራት ውስጡን አበራች።

«ኩፍኝ ይዞኝ ነበር» አለች። «እዚህ ሥር ነው ያስተኙኝ። ሌት ተቀን ሳለቅስ ጀይላን ይቺን አምጥቶ በዱቄት ሙጫ ለጠፈልኝ። ‹ይቺ ሴትዮ እስክትድኚ ትጠብቅሻለች› አለኝ። ዳንኩ አልሐምዱሊላህ፤ እሷ ግን ቀረች። ለበዓል ግድግዳው ሲቀባ እሷን ማንም አይነካትም፤ ዙሪያዋን በትንሽ ብሩሽ የምቀባው እኔ ነኝ። የእርስዎ መሆኗን ወላሂ አላውቅም ነበር!»

ኃይለመስቀል ተደግፎ ተጠጋ። አጎነበሰ፣ ራሱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበለ፤ አልታየውም። ጣቱን ዋፊቃ ይዛ አደረሰችለት። ደጋግሞ ከተቀባው ቀለም መሐል የቴምብሯን ጥርሶች ዳሰሰ።

«እልፌ፣ ሰማያዊነቷ እንዴት ነው?»

እልፍነሽ ይዛው በመጣችው አጉሊ መነጽር አየቻት። ሴትዮዋ ነጥታለች። ፊቷ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለማስደሰት አንድ ቃል መጣላት፤ ዋጠችው።

«ለቋል ጋሼ። አንገቷ ላይ ብቻ ትንሽ ሰማያዊ ቀርቷል። ማኅተሙ ግን አለ፤ ሃምቡርግ ይላል።»

«አንቺም አረጀሽ በያ!» አለ ኃይለመስቀል ለግድግዳው።

እልፍነሽ በእንፋሎት ቀስ ብላ ልታነሣት እንደምትችል ተናገረች። ዋፊቃም ወዲያው «ይውሰዷት፤ ሐቅዎ ነች» አለች፤ ዓይኗ ግን ከቴምብሯ ላይ አልተነሣም።

«የት ነው የምወስዳት? ያገባች ሴት ከቤቷ ትወጣለች?» አለ። «ልጁ ደግሞ እውነቱን ነበር የነገረኝ። ሙሉ እውነቱን!» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ዕንባው በጉንጩ ወረደ። እልፍነሽ እናታቸው ስትቀበር እንኳ ወንድሟ ሲያለቅስ አላየችም ነበር። ነጠላዋን ሰጠችው።

ሲረጋጋ ዋፊቃ ከጎኑ ተቀመጠች። «ጋሽ ኃይሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች። «እኔ ጀይላን ሲሞት ልጅ ነኝ። ፎቶው አለኝ፤ ድምፁን ግን ረሳሁት። እንዴት ነበር የሚናገረው?»

ኃይለመስቀል ራሱን ቀና አደረገ። ጀይላን አረፍተ ነገሩን ሁሉ በአቦ እንደሚጀምር፣ ሐረሪውንና አማርኛውን ቀላቅሎ እንደሚቀልድ፣ አስተማሪያቸውን ሲያስመስል ክፍሉን ሁሉ እንደሚያስቅ ነገራት። ራሱም እያስመሰለ አሳያት። ዋፊቃ «እንደሱ ነው! እንደሱ ነው!» እያለች ጉልበቷን ትመታ ጀመር። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ተፈላ። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ገና ስለ ስድስተኛ ክፍል ነበር የሚያወራው።

ከዚያ ወዲህ ዋፊቃ በየሳምንቱ አቦከር ትመጣለች፤ ከሸዋ በር ገበያ ቴምር ወይም ብርቱካን ሳትይዝ አትመጣም። እልፍነሽ ሌላ ወረንጦ ገዛችላት። የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሲከፍቱ ኃይለመስቀል የመስኮቱን ብርሃን ብቻ ነበር የሚለየው፤ ስለዚህ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሰማቸዋል።

«ይሄ የምሥራቁ ነው» ትላለች ዋፊቃ።

«የት አባቱ! ፊደሉን አታይም? ይሄ ከጦርነቱ በፊት ነው» ትላለች እልፍነሽ።

«እሾህ የት አለው? ወላሂ እሾህ የለውም!»

«አጉሊ መነጽሩን አንዴ ስጪኝማ።»

«አልሰጥም። ጋሽ ኃይሌ፣ ይፍረዱን!»

«የዳሩን ጥርስ ቁጠሩ፣ ማኅተሙን አንብቡ» ይላል ኃይለመስቀል ከወንበሩ ሳይነሣ። «ተስማምታችሁ ስትጨርሱ ትነግሩኛላችሁ።»