የግሪኩ ማጉያ

በጃንሆይ ዘመን፣ መቱ ከተማ ውስጥ እትዬ ጥሩአየሁ የሚባሉ የጠጅ ቤት ባለቤት ነበሩ። ጎሬ ላይ ሲነግድ የኖረ አንድ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ፣ ልጁ ጊታር ይጫወትበት የነበረውን አሮጌ የድምፅ ማጉያ ከወንበሮቹ ጋር ጠቅልለው የገዙት እሳቸው ናቸው። ማጉያው ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ከኋላው አምፖል የመሰሉ ጠርሙሶች የተሰኩበት ሣጥን ነው። ጄኔሬተሩ ቢነሳም ወዲያው አይናገርም፤ ጠርሙሶቹ እስኪግሉ ይጠበቃል። ከሞቀ በኋላ ግን የቤቱን ተጫዋች፣ የኩመራን ጊታር ሻከር ባለ የሰው ጉሮሮ ያናግረዋል።

ኩመራ ዳሪሙ ከሚባል ቅርብ አገር የመጣ ወጣት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በጠጅ ቤቱ እየተጫወተ በኦሮምኛም በአማርኛም ይዘፍናል።

አንድ ቀን አምባዬ የሚባል ሙዚቀኛ የማጉያውን ወሬ ሰምቶ፣ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ወርዶ፣ አዲስ ማጉያ በኩሊ አሸክሞ መጣ። አሮጌውን በዚህ ልለውጥ፣ ገንዘብም ልጨምርበት አለ። እትዬ ጥሩአየሁ ንግድ ያውቃሉና፣ አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚወስድ ወይ ሞኝ ነው ወይ አታላይ ብለው አሰቡ። ጠጅ አስቀዱለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ እዚህ ሣጥን ውስጥ ምን አለ?»

አምባዬ ሳቀ እንጂ አልደበቀም። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ እዚህ አገር ያየው ሌላ አንድ ብቻ ነው፣ የሱም ባለቤት አልሸጥም ብሎታል። አዲሶቹ ይጮኻሉ እንጂ እንደዚህ አያንጎራጉሩም አለ። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ጨርሶ ሊከለክሉት ቃጣቸው። በኋላ ግን ቅዳሜ ሁለቱም ማጉያዎች ይሞከሩ ብለው ተስማሙ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይበተን፣ ኩመራ ተጫወተ። በአሮጌው ሲጫወት ጠጪው እንደ ልማዱ ወሬውን ቀጠለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማ አምባዬ ብቻ ነው። በአዲሱ ሲጫወት ግን ድምፁ መንገድ ድረስ ወጣ። ከገበያ የሚመለሱት በር ላይ ቆሙ፤ ጠጪውም ዞሮ አየው።

እትዬ ጥሩአየሁ ልባቸው ለሁለት ተከፈለ። ብርቅ ነገር ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ኩመራን ወደ ጓሮ ጠሩና፣ የምትጫወትበት አንተ ነህ፣ ልሽጠው ወይስ ይቅር አሉት።

ኩመራ መለሰላቸው።

«የሚበልጠው አሮጌው ነው እትዬ። ግን እሱን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ሰው ቢሰማኝ እወዳለሁ። ይሽጡት።»

ነገሩ ሴትዮዋን ወጋ አደረጋቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ጠጅ ሲያስቀዱ፣ ብርሌ ሲያስሰበስቡ፣ አንድም ቀን ተቀምጠው ሰምተውት አያውቁም።

ለመሸጥ ተስማሙ፤ ግን አምባዬ ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን የጣት አጣጣል ለኩመራ እንዲያሳይ አስገደዱት። እሱም ደስ ብሎት እስከ ሰኞ ቆየ፤ ሁለቱ ከጊታራቸው ሳይነሱ ነው እሑድ የመሸው። ሰኞ ጠዋት ኩመራ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቀለለ። አምባዬ ማጉያው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይወጣም ብሎ እንደ ሰው የወንበር ትኬት ቆረጠለት፤ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም አጠገቡ አስቀምጦ፣ አቅፎት ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠጅ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ኩመራ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ጥሩአየሁም የጓዳው መጋረጃ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሠራተኛዋ ጠጅ አለቀ ብትላቸው፣ ከጎረቤት ተበደሪ አሏት፤ ከወንበራቸው አልተነሱም።