ከሙጫው ሥር

በሰብል ምርምር ጣቢያው "እሜቴ ሙጫ" የሚሏት በከንቱ አይደለም። የትኋን ዘመድ የሆኑትን ጥቃቅን ተባዮች በሆዳቸው ካርቶን ላይ አጣብቃ፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ እንዲሉ፣ በየወገናቸው ሳጥን ስትደረድር እሷን የሚያህል የለም።

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ከሱፍ አበባ ማሳው የለቀማቸውን ተባዮች ከነትሉ ከነፍሬው በብልቃጥ ይዞላት መጣ። አምና ሰብሉን ተባይ ጨርሶበት ባዶ እጁን ስለቀረ ዘንድሮ ነፍሱ በእጁ ናት። ልርጭ ወይስ ልተው አላት። እሜቴ ሙጫም አንዷን ዓይነ ትልቅ ከላይ ከላይ አየቻትና ከሳጥኖቿ ጋር አስተያየቻት። መሳዮቿ ሰብል በሚያጠፉት በዘር መጣጮቹ ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። እርጭ አለችው። እሱም እታለም ካለች አለቀ ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ልታጥብ ብታነሳው ያቺው ዓይነ ትልቅ አፏን ትል ላይ ሰክታ ትመጥጣለች። ዘር መጣጭ ከትል ጋር ምን አላት? ግራ ገባት። ከሳጥኑ አንዷን መሳይዋን በሞቀ ውሃ አላቀቀችና ገለበጠቻት። የዘር መጣጭ አፍ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ የዚህችኛዋ ግን ወፈር፣ ቆልመም ያለ የአዳኝ አፍ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ባማረ ሙጫዋ የደፈነችው ዋናውን መለያ ኖሯል። በጣም አፈረች።

ቀና ስትል ደግሞ የብልቃጧ ዓይነ ትልቅ ትሉን ትታ የሱፍ ፍሬ ላይ ተተክላለች።

"ኧረ አንቺ፣ ምንድን ነሽ?" አለቻት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እየፈራች ለወንድሟ ደወለች። ስልኩን ሲያነሳ የመርጫው ሞተር ያጓራል።

"ግማሹን ጨርሻለሁ፣ እታለም።"

"የቀረውን ተወው። ያመጣሃቸው ዓይነ ትልቆች ትሉን እየበሉልህ ነው መሰለኝ።"

"ዘሩን አይነኩም?"

"ይነካሉ። ምን ያህል እንደሆነ እንጃ።"

"እርግጠኛ ነሽ ግን?"

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ልትል ከጅሏት ነበር፤ ብልቃጡን አየችና ተወችው።

"አይደለሁም፣ ወንድምዬ።"

ሰብሉ ቢያልቅበትስ ብላ ሰጋች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማት ጀመር። ጠዋት እርግጠኛ ሆና ስትነግረው ያመናትን ያህል አሁንም አመናት፤ ያስለቀሳትም ይኸው ነው።