ኬዛያ ታኬት የት ሄደች

እኛ ታኬቶች በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ በእሁድ ቀን ኮረብታው አናት ላይ ያለውን የቤተሰባችንን መቃብር እናጸዳለን። ሣሩ ይታጨዳል፣ ያዘመመው ድንጋይ ይቃናል፣ አበባ ይቀመጣል። ከዚያ ሴቶቹ ያመጡት የበቆሎ ዳቦ፣ በአሳማ ሥጋ የበሰለ አደንጓሬና የደረቀ ፖም ኬክ ከዛፉ ጥላ ሥር ይዘረጋና እንበላለን።

በዚያ ዓመት አክስቴ ኦሲ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲሄድ እሷ ምርኩዟን ተደግፋ ከሁሉም ከሚበልጠው ድንጋይ ፊት ቀረች። ድንጋዩ የሃይረም ታኬት ነው። ይህን ሸለቆ መጀመሪያ የመነጠረው፣ የሁላችንም ግንድ እሱ ነው ሲባል ነው ያደግነው።

"ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው የወለደን?" አለች ጮክ ብላ።

ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከሃይረም አጠገብ የሚስቱ መቃብር የለም፤ ምክንያቱንም ሁላችን እናውቃለን፣ ወይም የምናውቅ ይመስለን ነበር። ኬዛያ ትባላለች። ልጆቿንና ባሏን ትታ ከአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ ጋር ኮበለለች ነው የሚባለው። በቤተሰባችን አሻፈረኝ ያለች ሴት ሁሉ "የኬዛያ እግር አለባት" ትባላለች። እኔ የመጀመሪያ ባሌን ጥዬ ስወጣ ያንን ቃል ከገዛ እናቴ አፍ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኬዛያ ሲወራ ጆሮዬን እጥላለሁ። ለታኬት ልጅ ግን ስሟን ያወጣ ሰው የለም።

"ነቫ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል አይደል? አውቶቡስሽን አትነጂም አሁን" አለችኝ አክስቴ።

"አልነዳም።"

"እንግዲያው እኔን ትነጂኛለሽ። ይህቺ ሴትዮ የት እንዳለች ሳላውቅ አልሞትም።"

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ነው። መዝገብ የምትጠብቀው ወጣት ሴት ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት የነበረው ሁሉ ከነሕንጻው መቃጠሉን ነገረችን።

"ማነው ያቃጠለው?" አለች አክስቴ።

"እሱን እስካሁን ይጨቃጨቁበታል፣ እማማ።"

ቤተ ክርስቲያኑም የዚያን ዘመን ነገር አልነበረውም። ባዶ እጃችንን ስንመለስ አክስቴ መንገድ ላይ ድንገት "አያቴ ጃሪድ ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ጃሪድ የኬዛያ የመጨረሻ ልጅ ነው። "ትንሽ ሆኜ ስለ እናቱ ስጠይቀው 'ተራራውን ተሻግራ ሄደች፤ አልተመለሰችም' ነበር የሚለኝ። ሌላ ቃል አይጨምርም። ነጋዴ የሚባል ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ነጋዴውን ማን አመጣው?"

"የሰው ምላስ ነዋ! አንቺ ግን ንገሪኝ፤ ተራራውን ከተሻገረች፣ ከተራራው ማዶ ማን አለ?"

መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። ከተራራው ማዶ ያሉት ስፐርሎኮች ናቸው።

በጦርነቱ ጊዜ እኛ ከአንዱ ወገን፣ እነሱ ከሌላው ወገን ተሰለፉ። የጃሪድ የበኩር ልጅ ከወንዙ መሻገሪያ አድፍጠው በጠበቁት ሰዎች ተገደለ፤ ከገዳዮቹ አንዱ ስፐርሎክ ነበር ተባለ። ከዚያ ወዲያ ጃሪድ የስፐርሎክ ስም በቤቱ እንዳይነሣ ከለከለ። ክልከላው ከእሱ በኋላም ቆየ፤ ጠቡን ያዩት ሁሉ ካለቁ በኋላ እንኳ አልተነሣም።

ወንድሜ ሆባርት ወደ ስፐርሎኮች ልንሄድ መሆናችንን ሲሰማ ከከብቶቹ በረት እየተንደረደረ መጣ።

"የስፐርሎክን ደጅ ከመርገጥ እባብ መርገጥ ይሻላል!"

"አንተ ስፐርሎክ አይተህ ታውቃለህ?" አለችው አክስቴ።

"አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።"

"እባቡን ግን ታውቀዋለህ። ነቫ፣ ሞተሩን አስነሺ።"

በመኪና ተራራውን ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በርል ስፐርሎክ የተባለውን ሽማግሌ ከቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያ ሲስል አገኘነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጥርስ የሌለው ሰው ነው። ኦሲ ታኬት እባላለሁ ስትለው ማሳሉን ሳያቆም ከላይ እስከ ታች አያት።

"ታኬት? እኔ ታኬት ሲባል ቀንድ ያለው ይመስለኝ ነበር።"

"እርጅና አረገፈው" አለች አክስቴ። "የአንተን ጥርስ እንዳረገፈው።"

ሽማግሌው ድዱን እያሳየ ሳቀ፤ መጥረቢያውንም አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ "ኬዛያ! ኬዛያ! ለሰዎቹ ወንበርና አሬራ አምጪ!" ብሎ ተጣራ።

አክስቴ ክንዴን ጨመደደችው። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወንበር ይዛ ወጣች።

"ልጅህ ናት?" አለችው አክስቴ።

"ልጄ ናት። የእሷም ልጅ ኬዛያ ናት። እኔን ያሳደገችኝ አያቴም ኬዛያ ነበረች።"

"ስሙን ከየት አመጣችሁት?"

በርል ግራ ገብቶት ሁለታችንንም አየን። "ከእናንተ ነዋ! እንዴ፣ አታውቁም እንዴ?"

ከዚያ ነገረን። እያቆመ፣ አሬራውን እየተጎነጨ፣ አያቱ በነገረችው መንገድ ነው የነገረን።

ሃይረምና ኬዛያ ወደዚህ ተራራ ሲገቡ ከእነሱ በፊት የሰፈረ አራሽ ከማዶው ስፐርሎክ በስተቀር አልነበረም። የመጡት በበልግ ነበር፤ ያላቸው አንዲት ላም፣ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ዶማ፣ አንድ ብረት ድስትና የዘር በቆሎ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሃይረም ሲቆርጥ የነበረው ዛፍ ተገልብጦ እግሩን ሰበረው። ወጌሻውም ሐኪሙም ኬዛያ ነበረች፤ አጥንቱን መልሳ በዛፍ ቅርፊት አሰረችለት። እግሩ ግን አጥሮ ቀረ።

እዚህ ላይ አክስቴ አቋረጠችው። "ከቤታችን በታች ያለው እርሻ 'የአንካሳው ማሳ' ነው የሚባለው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

"ማሳው የአንካሳው ይባል እንጂ የመነጠረችውስ እሷ ናት" አለ በርል። "እሱ ተኝቶ፣ እሷ ነፍሰ ጡር ሆና! ትልልቁን ዛፍ መቁረጥ አቅቷት ቅርፊቱን ዙሪያውን ላጠችው፤ ቆሞ ሲደርቅ ፀሐይ መሬቱን አገኘው። በደረቁት ዛፎች መካከል በዶማ ቆፈረች። ላሚቱን ተኩላ በላት። የዘር በቆሎው ያለበትን ከረጢት ጎርፍ ወሰደው። የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው፤ ረዳትም አዋላጅም አልነበራትም። አራስነቷን ሳትጨርስ ሕፃኑን አዝላ ይሄን ተራራ ወጣች። መንገድ አልነበረም፤ ጭስ አይታ ነው የመጣችው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የእኛዋ ሩሐማ በሯን ከፈተች። የእኛዎቹም ቢሆኑ የተረፋቸው ዘር ብቻ ነበር፤ ባሏ 'ብንሰጣት እኛ ምን እንዘራለን?' አለ። ሩሐማ 'እኩሌታውን እንዘራለን' አለችው። ለሁለት ከፍላ ሰጠቻት። ኬዛያ በማግስቱ ከነሕፃኗ፣ ከነዘሯ ተመለሰች። እናንተ ከዚያ በቆሎ ናችሁ፤ ሌላ ምን ልበላችሁ።"

አክስቴ ዓይኗን ጠረገች፤ አሬራውን አልነካችውም።

ብዙ ዓመት አለፈ፤ ልጆች ተወለዱ፣ እርሻው ሰፋ፣ ሃይረም ሞተ። በአንድ ክረምት መግቢያ ከተራራው ማዶ ክፉ ትኩሳት ገባ። ስፐርሎኮች ቤቱን ሙሉ ወደቁ፤ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ከሩቅ ያይ ነበር። ወሬው ወደ እኛ ሸለቆ ሲደርስ ኬዛያ አርጅታ ነበር። ልጇ ጃሪድ፣ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፣ አትሂጂ ብሎ በሩ ላይ ቆመባት።

"'ሩሐማ ዘሩን ስትሰጠኝ በር ላይ የቆመ ሰው ነበር፤ እሷ አልሰማችውም' አለችው አሉ" አለ በርል። "አልፋው ወጣች። እዚህ መጥታ ሁሉንም አስታመመች። ሩሐማ ዳነች። የሩሐማ ልጅ በዚያ ትኩሳት መካከል ሴት ልጅ ወለደችና ወተት ነጠፈባት፤ ኬዛያ ሕፃኗን በጡቷ ሥር ሸጉጣ እያሞቀች፣ የፍየል ወተት በጨርቅ እያጠባች አቆየቻት። ያቺ ሕፃን አያቴ ናት። ሁሉ ከተነሣ በኋላ ኬዛያ ወደቀች፤ እሷ አልተነሣችም።"

ተነሥቶ መጥረቢያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ወደ መቃብራቸው ወሰደን። የእሷ ቦታ ከሩሐማ ጎን ነው። በላዩ ስም የሌለው፣ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ቆሟል፤ ዙሪያው ግን ተኮትኩቶ ንጹሕ ነው።

"መቃብራችንን ስናጸዳ መጀመሪያ የምንጀምረው ከእሷ ነው" አለ። "በጦርነቱ ዘመንም አልተቋረጠም። አያቴ ታኬቶችን እየረገመች ታጸዳው ነበር።"

አክስቴ ተንበርክካ ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው።

"ይቅርታ አድርጊልን እማማ" አለች። "ስምሽን ስድብ አደረግነው።"

እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ። ለዓመታት የተሸማቀቅሁበት የኬዛያ እግር ማንን አስታምሞ፣ ማንን አትርፎ እንደቆመ እያሰብሁ ነበር። ስነሣ ቀና ብዬ ነው የተነሣሁት።

ለሆባርት የነገርነው በእራት ሰዓት ነው። መጀመሪያ "ስፐርሎክ ያለው እውነት ይሆናል?" አለ። የአንካሳውን ማሳ ነገር ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጃሪድ ያላት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲነገረው ፊቱ ተለወጠ።

"እሱማ እውነቱን ነው የተናገረው" አለ ቀስ ብሎ። "ቀሪውን እንዳይጨምር ነው ጥላቻው አፉን የያዘው።" ከዚያ ቱግ አለ። "እንግዲያው አስቆፍረን እናመጣታለን! ከባሏ ጎን ነው ቦታዋ!"

"አናመጣትም" አለች አክስቴ። "ጃሪድ በር ላይ ቆሞ አላቆማትም፤ አንተም ከመቃብር አታስወጣትም። ራሷ የሄደችበት ቦታ ነው። ማየት ከፈለግህ አንተ ሂድ።"

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሄድን፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር፣ በመኪና ተሰልፈን። ሆባርት ስሟን የጠረበበት ድንጋይ ይዞ ነበር። በርል ድንጋዩን አየና "ጽሑፉ ጠማማ ነው" አለው።

"አንተ ብትጽፈው ቀና ይል ነበር?" አለው ሆባርት።

"እኔ ጽሕፈት አልችልም፤ ጠማማ ግን አውቃለሁ።"

እስኪመሽ ሲሰዳደቡ ዋሉ፤ ሲለያዩ ሆባርት ጊደር ሊልክለት ቃል ገብቶ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ኬዛያ የተሻገረችበትን አቀበት ካላየሁ ብላ አስቸገረች። ከስፐርሎኮች ልጆች አንዱ በቅሎ አምጥቶ አስቀመጣትና ሆባርት እየሳበ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍሁ ወደ አናቱ ወጣን። ጥድና ድንጋይ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እጅ ካልጨበጠ እግር አይቆምም። እኔ ትንፋሼ አጠረ። አናቱ ላይ ስንደርስ ወዲያ የእኛ ሸለቆ፣ ወዲህ የእነሱ፣ ሁለቱም ታርሰው አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ።

አክስቴ ከበቅሎው ሳትወርድ ሁለቱንም ደጋግማ አየች።

"አራስ ሆና" አለች። "በዚህ ላይ ሕፃን አዝላ፤ ምን ያለች ሴት ናት፣ ጌታ ሆይ!"

ነፋሱ ሻሿን አወለበለበው። እሷም አጥብቃ አሰረችውና ሆባርትን በምርኩዟ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"በል አውርደኝ፤ ምግቡን ሳይጨርሱት እንድረስ።"