ከመሐመድዘይን ቤት ማንኪያ አይወጣም

ልጅ የዳረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚዜ ሙሽራይቱን ሊወስድ ሲመጣ ከቤቷ አንድ ነገር ሳይሰርቅ አይወጣም። ብርጭቆም ይሁን ጭልፋ ኪሱ ይከታል፤ የተሰረቀው ቤትም መሳቂያ ሆኖ ይከርማል።

የአዳማው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ጋሽ መሐመድዘይን ግን ምለዋል። "ከእኔ ቤት ማንኪያ አይወጣም!"

ልባቸውን ያሳበጠው የሕንድ ፊልም ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ከአንድ ልጃቸው ከሱሃይላ ጋር ተቀምጠው የሕንድ ሌቦች ካዝና ሲሰብሩ ያያሉ። ሪሞቱ ከሱሃይላ እጅ ወጥቶ አያውቅም። መሃል ላይ ፊልሙን ታቆምና "አባባ፣ ማነው የከዳው?" ትላለች።

"የውስጥ ሰው ነዋ! ያለ ውስጥ ሰው ካዝና ተከፍቶ አያውቅም።"

ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

አሁን ሱሃይላ ኑዕማን የሚባል ደህና ልጅ አግብታ ቢሾፍቱ ልትገባ ነው። "እየመጣህ ታየኛለህ" ብትላቸው፣ "ያለ ጉዳይ የአማች ደጅ አልረግጥም" ብለው ድርቅ አሉ። ዓርብ ያለ እሷ እንዴት እንደሚመሽ ግን ጨንቋቸዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ማንኪያ መጠበቅ ጀመሩ።

የሠርጉ ለት ጎረቤታቸው ኡበይደላ፣ ብየዳ ሠራተኛው፣ ማንኪያዎቹን በሙሉ በቀጭን ሰንሰለት ከጠረጴዛው ብረት ጋር በየዳቸው። ሰንሰለቱ አጠረና እንግዳው እያጎነበሰ በላ። ከአርሲ የመጡ አክስት "እስረኛ ነን እንዴ?" ብለው በእጃቸው ጎረሱ። ጭልፋው ቁም ሣጥን ገባ፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ጋሽ መሐመድዘይን ካልሲ ውስጥ።

ሚዜዎቹም የዋዛ አልነበሩም። አውራቸው ዛኪር ባጃጅ ነጂ ነው፤ ያላየው የሕንድ ፊልም የለም፤ ሕንድኛ ሳያውቅ በሕንድኛ ያለቅሳል። ሦስቱም ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ። መጀመሪያ ቆጣሪውን አጠፉ። ፊልም ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ይተራመሳል፤ አዳማ ላይ መብራት ቢጠፋ ግን ማን ቀና ይላል? እንግዳው መብላቱን ቀጠለ። ከዚያ አንዱ ሽርጥ ታጥቆ ወጥ ቤት ሰርጎ ገባ። ሴቶቹ የሚያግዝ አጥተው ነበርና ሽንኩርት አስያዙት፤ ሠርጉ እስኪያልቅ ሲልጥ ዋለ።

የቀረው የጣሪያው መንገድ ነው። ዛኪር ቆርቆሮ ገልጦ፣ ኮርኒስ ቀዶ፣ በገመድ ታስሮ ወደ ቁም ሣጥኑ ሲወርድ፣ ጋሽ መሐመድዘይን ሻይ ይዘው ከሥሩ ተቀምጠው ጠበቁት።

"ግባ ልጄ። ይቺን ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ።"

"ጋሼ፣ ገመዱ አጠረብኝ፤ ያውርዱኝ" አለ ዛኪር እንደ ሥጋ ተንጠልጥሎ።

"መጀመሪያ ጨፍር። የሕንድ ሌባ ሳይጨፍር አይሰርቅም።"

ዛኪር አየር ላይ ጨፈረ። ቤቱ አጨበጨበለት፤ ከዚያ አወረዱት።

የመሰናበቻው ሰዓት ደረሰ። ሱሃይላ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ጋሽ መሐመድዘይን በአንድ እጃቸው እሷን አቅፈው በሌላው የዛኪርን ኪስ ይፈትሹ ነበር። መኪናው ጡሩምባውን እያንባረቀ ወደ ቢሾፍቱ ወጣ። አንድም ማንኪያ አልጎደለም።

ዓርብ ከጁምዓ ተመለሱ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሶፋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሰደዱ፤ ሪሞት የለም። ትራሱን አነሱ፣ ምንጣፉን ገለጡ፤ የለም። ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ያለ ሪሞት አይበራም። ልጃቸው ጋ ደወሉ።

"ሱሃይላ፣ ሪሞቱን የት አደረግሽው?"

እሷም መልሳ ጠየቀቻቸው። "አባባ፣ ማነው የከዳው?"

መልሱን ያውቁታል።

"አሁን እኮ ጉዳይ አለህ" አለች። "ና ውሰዳ።"

ዛኪር ተደውሎለት ባጃጁን ይዞ ሲደርስ፣ ጋሽ መሐመድዘይን ያን የሚያህል ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ደጅ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ሪሞት ሊያመጡ አይደል እንዴ የሚሄዱት? ቴሌቪዥኑ ምን ያደርጋል?"

"ሪሞቱ እዚያ ሆኖ ቴሌቪዥኑ እዚህ ምን ይሠራል?" አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ጫን! መናኸሪያ ንዳ።"